ዝናቡን የሚሥለው ሞጁል

አማቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ጓሮ ካለው መለኪያ የዝናቡን መጠን እያነበቡ ደብተር ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ ዘንድሮ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋም ከመጽሐፍ ለቃቅመው ተማሩ። የቀራቸው ፓይተን ላይ ተጨምሮ ቁጥሩን ወደ ሥዕል የሚለውጠው ሞጁል ብቻ ነበር። ለእሱ የልጃቸውን ባል ጠሩት።

ሰውየው ደስ አለው። በኮምፒውተር ሥራ እንጀራውን የሚበላ ቢሆንም እሳቸው ፊት አንድም ቀን አዋቂ መስሎ አያውቅም። ወንበር ስቦ ትእዛዙን ጻፈ፤ ሞጁሉ ወርዶ ተጫነ።

«ይኸው እማማ፣ በዓይን ጥቅሻ አለቀ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ መነጽራቸውን እየወለወሉ። «እስቲ ሞክረው።»

ሞከረው። ኮምፒውተሩ እንዲህ ያለ ሞጁል የለም አለ። እንደገና ሊጭነው ሲል፣ ተጭኗል እኮ አለው። ሲሞክረው አሁንም የለም። ላብ አጠመቀው።

«ኮምፒውተሩ አርጅቶ ነው መሰለኝ።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ግን አለ ያልኩትን መልሼ የለም አልልም።»

ጎንበስ ብለው ስክሪኑን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ልጄ፣ የጫንክበት ፓይተን ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል፤ የሞከርክበት ሦስት ነጥብ አሥራ ሁለት። እዚህ ቤት ስንት ፓይተን ነው ያለው?»

ሁለት ነበር። አሮጌው ሳይጠፋ አዲሱ ተጭኗል፤ እሱም ዕቃውን ለሞክሼው ሲያደርስ ቆይቷል። ራሱን እያከከ አዲሱ ላይ ጫነውና ሞከረ። ሥዕሉ ወጣ።

ወጣ እንጂ፣ ዓመታቱ ሁሉ መሬት ላይ ተነጥፈው አንዲት ቀን ብቻ ግንብ አክላ ቆማለች። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ በዚህች ቀን ከሦስት ሜትር በላይ ዘንቧል። ገበያ የሄዱት በጀልባ ነበር?»

ደብተሩን ገልጠው ቀኑን ፈለጉ። «ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት ዜሮ ሚሊ ሜትር ነው። ነጥቧን ዋጥኳት» አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ነጥቧ ስትመለስ ዝናቡ ዓመት ከዓመት ከፍ ዝቅ እያለ ታየ። ሚስቱ ከሥራ ስትገባ ሁለቱ የትኛው ክረምት እንደበረታ ይከራከሩ ነበር፤ ሰላምታዋን የመለሰላት የለም።