ዓይን የበላው እንጨት

አንኮበር ዳገት ላይ ሠረገላ ምን ይሠራል አትበሉ፤ የወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሠረገላ ብዙ መሄድ አይጠበቅበትም ነበር። ከባሕር ማዶ ተፈታቶ በግመል ጀርባ መጣ፤ አንድ ፈረንጅ ገጣጠመውና ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን፣ በደመራ፣ እመቤቲቱን ይዞ ከእልፍኝ ደጃፍ እስከ ችቦው ይጎተታል። ቢበዛ ሠላሳ እርምጃ ነው። ውስጡ ግን! ዙሪያውን ቀይ እንጨት ለብሷል፤ እንደ ኩሬ ውሃ ፊት ያሳያል።

ሹማምንቱ ወደ እንጦጦ በወጡ በጥቂት ዓመቱ፣ በሐምሌ፣ የሠረገላው በር እርጥበት ጠጥቶ አልዘጋ አለ። ኮርቻ ሠሪው ወልደአረጋይ ተጠርቶ ላገው። ጨርሶ ቀና ሲል እንጨቱን አየና «አቤት ማማር!» አለ። «እትፍ እትፍ» ማለቱን ረሳው። አጠገቡ የቆሙት አጋፋሪ ኃይለ ገብርኤል ግን መርሳቱን ልብ አሉ።

በነሐሴ እንጨቱን የዓይን ሞራ የመሰለ ነጭ ነገር ሸፈነው። አጋፋሪው ጊዜ አላጠፉም፤ «የቡዳ ዓይን እንጨቱ ውስጥ ተቀምጧል! የጠይብ ዓይን መች ያርፋል?» እያሉ ግቢውን አዳረሱ። መስከረም በጠባ በሳምንቱ ወይዘሮዋ ወልደአረጋይን አስጠሩት።

«በዓይንህ ያጠፋኸውን በእጅህ መልስ። ለደመራ ካልጠራ ሚስትህን ይዘህ ከአንኮበር ውጣ» አሉት።

ውጣ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። ቡዳ ተብሎ የተባረረን ሰው መዘዞ ያስገባዋል? እነዋሪስ? ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ወልደአረጋይ ከንዴቱ የተነሣ ሦስት ቀን እህል አልወረደለትም።

በአራተኛው ቀን ሚስቱ አልታየች አብራው ሄደች። ሠረገላው ውስጥ አንገቷን አስግጋ አሸተተችና ሳቀች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ የከረመ ቅቤ ነው እንጂ ምን ዓይን ነው! ዐሥራ አምስት ዓመት የእኔን ፀጉር አሽትተህ ቅቤ አታውቅም?»

ሠረገላውን የሚጠብቀውን ዘበኛ ቢጠይቁት አልካደም። አጋፋሪው ክረምቱ እንዳይጎዳው ብለው፣ እንደ ኮርቻ ቆዳ፣ በየቅዳሜው ቅቤ ሲያስቀቡት ከርመዋል። ቅቤው ጭስና አቧራ ይዞ ሻገተ።

ባልና ሚስት በእንዶድ አረፋ፣ በጥጥ አጠቡት። ቅቤው ለቀቀ፤ ንጣቱ ግን ከሥር እንደ አንኮበር ጉም ተኝቶ ቀረ። ለደመራ ሁለት ቀን ቀርቷል። አልታየች አለቀሰች። ወልደአረጋይ የሠረገላው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ሲያስብ ፈረንጁ ትዝ አለው። በገጣጠመበት ሰሞን ጉም እንጨቱን ሲያነጣበት፣ አረቄ አረቄ በሚሸት ጨርቅ ይጠርገው ነበር፤ ግቢው ሁሉ «እንጨት የሚያሰክር ሰው መጣብን» ብሎ ስቆበታል።

«አረቄ አምጪ» አላት።

«በዚህ ሰዓት ልትጠጣ?»

«የምጠጣው እኔ አይደለሁም።»

ከወንበሩ ሥር፣ ከማይታየው ጥግ ጀመረ። ጨርቁን ነከረ፣ ጨመቀ። እጁ አንድ ቦታ ካረፈ እንጨቱን የሚያብለጨልጨው ስስ ልባስ ይላጣል፤ ከፈራም ጉሙ ይቀራል። ትንፋሹን ይዞ በእንጨቱ ላይ አንድ ጊዜ እልፍ አደረገው። ጉሙ ተገፈፈ፤ ቀዩ እንጨት ብቅ አለ። ወልደአረጋይ እልል አለ፤ ወንድ እልል አይልም ያለው ማን ነው? ሁለት ቀን ሙሉ እልፍ፣ እልፍ ሲያደርግ ሰነበተና በመጨረሻ በሰም ወለወለው።

በደመራው ዕለት ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ በሩን ከፈቱ። የገዛ ፊታቸው ከነነጠላቸው ተቀበላቸው። ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ። ኋላ፣ «አጋፋሪ፣ ቡዳው ወጥቶ እንደሆነ እስቲ እይልኝ» አሉ።

አጋፋሪው አጎነበሱ። ከእንጨቱ ውስጥ ሁለት ዓይኖች አፈጠጡባቸው።

«የማን ዓይን ነው ያለው?»

«የ… የእኔው ነው፣ እመቤቴ።»

«ቅቤውስ የማን ነበር?» አሉ፤ ወሬው ከዘበኛው ደርሷቸው ነበር።

«እሱም የእኔው ነው።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አልታየች ከሁሉ በላይ ሳቀች። ወልደአረጋይ ግን የሠረገላውን በር በጋቢው ጫፍ ዳግመኛ ወልወል አደረገ። ወይዘሮዋ አረቄ የሰነጣጠቀውን እጁን ያዙና ሕዝቡ እንዲያየው ከፍ አደረጉት።

«እትፍ እትፍ! ይህን እጅ ከሰው ዓይን ይሰውርልን» አሉ።