ባዶዋ ብልቃጥ

አቤኬ በቅጠል የተጠቀለለውን የበቆሎ ገንፎ አልቀምስም ብላ ፊቷን ስታዞር፣ ሲስተር ሞሬኒኬ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። የአቤኬ ልጅ ማሎሞ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለለቅሶ መጥተው ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን ዋጡ። አንዷ ብቻ፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ ደም ቀጂዋ መጣች አለች።

አልዋሸችም። ሞሬኒኬ ሲክል ሴል የሚባለው፣ በዘር የሚወረስ የደም በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ለምርምር የምትመዘግብ ነርስ ናት፤ ራሷ በሽታው የነበረባት ማሎሞም በሃያ ሁለት ዓመቷ እስክትሞት ድረስ አብራት ቤት ለቤት ስትዞር ኖራለች። አጥንቷን እየቆረጠማት፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሌላውን በሽተኛ ታግባባ ነበር። እኔን ያየ ይቀጣ አልልም፣ እኔን ያየ ይመዝገብ ትላቸዋለች፤ ይስቁና ይፈርሙላታል።

እምቢ ያለቻት የገዛ እናቷ ናት። አቤኬ ከማሎሞ በፊት ሦስት ሴቶች ልጆች ሞተውባታል። ያኔ አገሩ ሁሉ፣ እየሞተች እንደገና በመወለድ የምትመለስብሽ ያችው አንዲት ልጅ ናት አላት። ሦስተኛዋ ስትሞት፣ ብትመለስ እንድትታወቅ ብለው የሬሳዋን ጆሮ በምላጭ ሰነጠቁት። አራተኛዋን ማሎሞ አለቻት፤ ከእንግዲህ አትሂጂ ማለት ነው።

ማሎሞ አድጋ ይህን እምነት አፈረሰችባት። «እማ፣ ማንም አልተመለሰም። በሽታው ግማሹ ከአባባ፣ ግማሹ ካንቺ ነው። ምርምሩ የወላጅ ደምም ይፈልጋል። ትንሽ ብቻ ስጪ።»

አቤኬ ያን ቀን ዘነዘናዋን ወርውራ ከቤት ወጣች። ደሟን ሰስታ አይደለም፤ ፈርታ ነው። ልጆችሽን የጨረስሽው አንቺ ነሽ የሚል ወረቀት ይዘው ቢመጡስ? ማሎሞ ሁለት ዓመት ለመነቻት፤ ከዚያ ተወችው። አሁን አቤኬን የሚያንገበግባት ያ የልጇ መተው ነው።

ነርሷ እንደ ወጉ ተንበርክካ ያጽናዎት አለቻት። ስለ ምርምሩ ትንፍሽ አላለችም። በዚህ አገር ወላጅ የልጁን መቃብር አያይም፤ ሬሳው ሲወጣ አቤኬን ጓዳ አስገብተው ዘግተውባታል። ልጇ የት እንዳረፈች እንኳ አልተነገራትም።

«ደሟ አለ?» አለች አቤኬ ድንገት።

«የማን፣ እማ?»

«የልጄ ነዋ። የቀዳችሁት።»

«አለ። በረዶ ውስጥ፣ ስሟ ተጽፎበት። አባቷም ሳይሞቱ ሰጥተው ስለነበር የሳቸው አጠገቧ ነው።» ነርሷ ትንሽ አመነታች። «ማሎሞ የእርስዎን ስም ጽፋ አንዲት ባዶ ብልቃጥ አስቀምጣለች። ማንም አላነሳትም።»

አቤኬ የቀረበላትን ገንፎ ወደ ጎን ገፋች።

«የምርምሩ ወረቀት የልጆቼ ገዳይ እኔ ነኝ ይላል?»

«አይልም። ሳያውቁ ያወረሱት ነው። እኔም ለልጄ አውርሻለሁ።»

አቤኬ የሐዘን ልብሷን እጅጌ እስከ ክንዷ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። ነርሷ እንባዋን እየጠረገች፣ ዛሬ ለለቅሶ ነው የመጣሁት፣ መርፌም አልያዝኩም አለቻት።

አቤኬ እጅጌዋን አላወረደችም።