ጥግ የያዘው ሼፍ

እኔ መሸነፍ አልወድም። ላሊበላ ውስጥ ጌም ቤቴን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አመሌን ያውቃል። መጫወቻ ማሽኔ አሮጌ ነው፤ ሰው የሚወደው ጨዋታም እንደዚያው። ከየድሮው ጨዋታ የተለቃቀሙ ገጸ ባሕርያት አንድ ሜዳ ላይ ይደባደቡበታል። ጭልፋ የያዘ ወፍራም ሼፍ አለ፣ ካባ የለበሰች ዳክዬ አለች፣ በተመታ ቁጥር ብሎኑ የሚረግፍ ሮቦት አለ። ሰው ሲስቅበት ነው የሚውለው።

ጓደኛዬ የአብስራ ሁልጊዜ ሼፉን ይመርጣል፣ እኔ ዳክዬዋን። አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ እያየ ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈኝና ደሜ ፈላ። "ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትረግጥ" አልኩት። ሳቀብኝና ወጣ። በማግስቱ ወደ ኩልመስክ ሲሄድ የተሳፈረባት መኪና ተገልብጣ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ለቅሶ ቤት መድረስ ግን አቃተኝ፤ እናቱን በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?

ጨዋታው አንድ ነገር አለው። የተጫዋቹን አመል እያየ ይማርና፣ ሰውየው በሌለ ጊዜ ጥላው በስሙ ይጫወትለታል፤ ጥላውም በገጠመ ቁጥር መማሩን አይተውም። የአብስራ ከተቀበረ በኋላም ሼፉ እንደ እሱ ጭልፋውን ሁለቴ ያሽከረክራል፣ እንደ እሱ ዘሎ ይገባል። የሰፈሩ ልጆች "ከሞተ ሰው ጋር አንጫወትም" ብለው ሸሹት። አጥፋው ሲሉኝ እጄ እምቢ አለኝ።

አንድ ጠዋት ቤቱን ገና እንደከፈትኩ እናቱ እማማ ይማርሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ።

"የመንፈቁ ተዝካር ወጣለት" አሉኝ፤ "ልጄ ግን ዛሬም አንተ ቤት ይደባደባል ይሉኛል፣ ጋሻዬ። ነፍሱ አላረፈች እንደሆነ ልወቅ። አሳየኝ።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። አስነሳሁትና እንደ ልማዴ ዳክዬዋን መረጥኩ። ሼፉ ገና እንዳያት አፈግፍጎ የሜዳውን ጥግ ያዘ፣ ጭልፋውንም ራሱ ላይ ከለለ።

እማማ ይማርሽ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ ፈሪ አልነበረም። ማነው እንዲህ ያስደነበረው?"

"ልጆቹ ናቸው፣ እማማ" አልኳቸው። እንዲያው ከአፌ ወጣ።

"እስቲ ከእኔ ጋር ይሁን።"

ሮቦቱን መረጥኩላቸውና ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖርኩ። አንዱንም ቁልፍ አልተጫኑም። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዝም ብለው ተቀመጡ። ሼፉ ጥጉ ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ጭልፋውን አወረደ። አንድ እርምጃ መጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ መጣ። ሮቦቱ አጠገብ ደርሶ ጎን ለጎን ቆመ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ማንም ማንንም አልነካም።

"አንተም ተቀመጥ" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "ለቅሶ ሳትደርስ ቀርተሃል። አልተቀየምኩህም፤ አሁን አጠገቡ ተቀመጥለት።"

ሮቦቱን ልመርጥ አስቤ ነበር፤ ጣቴ ግን የለመደችውን መረጠች። ጆይስቲኩን ጉልበቴ ላይ አኑሬ እጄን ሰበሰብኩ። ዳክዬዋ ክንፏን እንኳ አላነሳችም። ሼፉ ግን እንዳያት ወደ ኋላ ሄደ፣ አሁንም ወደ ኋላ። ጥጉ ላይ ደርሶም መሸሹን አልተወም፤ መሄጃ ሲያጣ እግሩ ባለበት ይረግጥ ጀመር።

እማማ ይማርሽ ሼፉን አዩ፣ ዳክዬዋን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"ልጆቹ አይደሉም" አሉ በቀስታ።

"አይደሉም።"

"ስንቴ መታኸው?"

"በየቀኑ" አልኳቸው። "በየቀኑ ነው እማማ። ናፍቆኝ ነው።"