በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ብቻ

በፎቶው ላይ ያለችውን ነጥብ ያገኘቻት ወጣቷ የህዋ ተመራማሪ ነበረች። ነጥቧ የህዋው ቴሌስኮፕ በቀዩ ማጣሪያ ሲያያት ትደምቃለች፤ በሰማያዊው ግን ድራሿ ይጠፋል። እንዲህ ያለች ነጥብ ብዙ ጊዜ እጅግ ሩቅ ጋላክሲ ናት፤ ብርሃኗም የተነሳው ዩኒቨርስ ገና ጨቅላ ሳለ ነው። አለቃዋ በደስታ «በኩር» ብለው ስም አወጡላት፤ በየስብሰባውም ስለ እሷ አወሩ።

ርቀቷን አረጋግጦ ለማወቅ ብርሃኗን በየቀለሙ መበተን ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን የቴሌስኮፕ ሰዓት የሚገኘው በማመልከቻ ነው፤ በማመልከቻው ላይ የሚሰፍረውም ዒላማ አንድ ብቻ። ማስገቢያው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። የተሳሳተ ዒላማ ከተጻፈ ሰዓቱ ባዶ ሰማይ በማየት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ይህን ቡድን የሚያምን አይኖርም።

አለቃዋ ጥሬ ፎቶ ማየት ዓይን ማድከም ነው ባይ ናቸው። ስለዚህ ቡድኑ የሚያየው በቀዩ ማጣሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የተነሱት አራት ፎቶዎች ተደምረው አንድ ከሆኑ በኋላ ነው። ጠዋት ግን ለማመልከቻው የሚያምረውን ልትመርጥ አራቱን ለየብቻ ከፈተቻቸው። በመጀመሪያው ፎቶ በኩር ቦግ ብላለች። በሁለተኛው ደብዝዛለች። በሦስተኛውና በአራተኛው የለችም።

ፎቶዎቹን አንዱን በሌላው ላይ ደረበቻቸው።

ቴሌስኮፑ በየፎቶው መሃል ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ኮከቦቹም ሁሉ አብረው ፈቀቅ ብለዋል። በኩር ግን በታየችባቸው በሁለቱ ፎቶዎች ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። መዝገቡን አገላበጠች። ከእነሱ ተራ በፊት ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ ደማቅ ኮከብ ሲያዩ ቆይተው ነበር። መብራት ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን የመብራቱ ምልክት እንደሚቀርበት ሁሉ፣ የኮከቡ ርዝራዥ የካሜራው ብርሃን መቀበያ ሰሌዳ ላይ ቀርቷል።

ጎኗ የሚቀመጠውን ባልደረባዋን ጠራችው። ወሬውን ሁሉ በ«ቆይማ» ስለሚጀምር ቅጽል ስሙ ቆይማ ነው።

«ቆይማ...» አለ፣ ወንበሩን እየገፋ መጥቶ። አራቱንም አየ። «በኩራችን አረፈች በይኛ!»

«አሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን በግማሽ ሰዓት አይጠፋም።»

«ለጋሼ ማን ይነግራቸዋል? እኔ እንደሆንኩ ዛሬ አሞኛል።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። ግን ባዶ እጄን አልሄድም።»

አለቃዋ ጭጋግ ናት ብለው የናቋት ሌላ ደብዛዛ ነጥብ ነበረች። ፈልጋ አወጣቻት። በአራቱም ፎቶዎች አለች፤ ከኮከቦቹም ጋር ፈቀቅ ትላለች፤ በሰማያዊው ማጣሪያ ግን እሷም ትጠፋለች። በአቧራ የቀላች ቅርብ ጋላክሲ ብትሆን በቀዩና በሰማያዊው መካከል ባለው ማጣሪያ ትንሽም ቢሆን መታየት ነበረባት፤ የለችም። ሦስት ጊዜ ለካቻት።

በዚህ መሃል እናቷ ደወሉ።

«ምሳ በላሽ?»

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። በኩርን ጣልኳት።»

«ውይ! ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቼ?»

«ሌላ አለችኝ።»

«ታዲያ ምን ታስደነግጪኛለሽ! ያቺኛዋን አወራላቸዋለሁ።»

«ገና ነው እማዬ፣ እንዳታወሪ!» እናቷ ግን ዘግተውታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ አለቃዋ ቢሮ ገባች። አለቃዋ አራቱን ፎቶዎች አንድ በአንድ አገላበጧቸው።

«ስም አውጥቼላት፣ በሰው ፊት ቆሜ...»

«ጋሼ፣ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ስህተቱም የኔ ነው።»

«ይቺኛዋ ደግሞ ባትሆንስ?»

«ናት።»

«በምን ተማምነሽ?»

ያየችውን አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። አለቃዋ ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

«ለእኔማ አትታየኝም።»

«የቴሌስኮፑ ሰዓት ከተፈቀደልን ያዩዋታል።»

አለቃዋ በረዥሙ ተነፈሱና የበኩርን መለያ ቁጥር ከማመልከቻው ላይ ራሳቸው ሰርዘው የአዲሷን አስገቡ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲል ማመልከቻው ተላከ።

ሰዓቱ ተፈቀደላቸው። የተበተነው ብርሃን ከሰባት ወር በኋላ አንድ ረፋድ ላይ ደረሰ። አለቃዋ ከኋላዋ ቆመው ጠበቁ። የብርሃኑ መጠን የተሳለበት መስመር ስክሪኑ ላይ ከሰማያዊው ወገን ጀምሮ ከታች ተጋድሞ መጣ፤ አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተነሳ። ርቀቷን የሚናገረው ይህ ቦታ ነውና ለካችው፣ አሰላች።

«ዩኒቨርስ ከተጀመረ ሦስት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው» አለች። «ያኔ ነበረች።»

አለቃዋ ስልካቸውን አወጡ። «ስለ በኩር ላወራሁበት ስብሰባ አዘጋጆች ልደውል። አገኘናት ልበላቸው።»

«መጀመሪያ በኩር ርዝራዥ እንደነበረች ይንገሯቸው። ከዚያ ይቺን።»

«የግድ ነው?»

«የግድ ነው፣ ጋሼ።»

አለቃዋ ቁጥሩን ፈለጉ። ከዚያ ደወሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለፈው ያወራሁላችሁ ነገር» ብለው ጀመሩ፣ «ስህተት ነበር።»