ጄኔሬተሩ ዝም ያለበት ሌሊት

ሮይስ ስለ ባትሪው ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሰው ገና ከመኪናው ወርዶ ወገቡን ሳያፍታታ ቢራውን እንደያዘ ከች ይላል። «ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ የፒክአፑን የኋላ በር ይከፍትና ከመቀመጫው ጀርባ የተቀበረችውን ሁለተኛ ባትሪ፣ ጣሪያው ላይ የተነጠፈውን ሶላር፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ድካም የተደከመላትን ፍሪጅ ያስጎበኛል። «ጆሮህን አስጠጋ። አስጠጋው እንጂ! ምን ሰማህ? ምንም! ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ናት። ፀሐይ ባትወጣ እንኳ ሦስት ቀን ትይዛለች።» ሚስቱ ኖሪን ይህን ወሬ ስለጠገበችው «ሦስት ቀን» የምትለዋ ላይ ሲደርስ አብራው በከንፈሯ ትለዋለች።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤታቸው መኪናቸው ነው። ያን ሰሞን ያረፉት ዳርሊንግ ወንዝ ዳር፣ ግዙፎቹ ባሕር ዛፎች ሥር ነበር። ክፍያ የለ፣ ዘበኛ የለ። ሕግ ግን አለ፤ የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው። ራት ከተበላ በኋላ ጄኔሬተር አይጮህም፣ አለቀ። ቢራህን በባትሪ አቀዝቅዝ፣ ባትሪ ከሌለህ በረዶ ግዛ፣ እሱም ከሌለህ ሞቅ ያለውን ጠጣ፤ የሰው እንቅልፍ ግን አትንካ።

ይህን ሕግ ነው እንግዲህ ክላሪ የጣሱት።

ክላሪ ሰማንያን የተሻገሩ፣ በአሮጌ ፒክአፕ ብቻቸውን የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እንደደረሱ አንዲት ቀይ ጄኔሬተር አውርደው፣ ገመዷን ጭነቱ ላይ ካለው ፍሪዘር ሰክተው አስነሧት፤ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው ለሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ሰጡና ገብተው ተኙ። ጄኔሬተሯ እስኪነጋ ዱድዱድዱድ ስትል አደረች። በማግሥቱም እንደዚያው።

«ለአንድ ካርቶን ቢራ ብሎ ይፍጀን እንዴ?» አለ በሦስተኛው ቀን ዋሊ የሚባለው፣ በመኪና በሚጎተት ካራቫን የሚኖረው ጎረቤታቸው። እሳት ዙሪያ ተቀምጠው ነበር፤ የሁሉም ዓይን በእንቅልፍ ማጣት ደም ለብሷል። «አንድ ሰው ይንገረው። ሮይስ፣ የባትሪ ሊቁ አንተ አይደለህ? ሂድ ንገረው!»

«ለዚህ ነው? አሁን ሄጄ እነግረዋለሁ» ብሎ ሮይስ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

ሄደም። ግን ምን ያደርጋል፣ ሽማግሌው ገና ሲያዩት «አንተ ልጅ፣ ና ቁጭ በል!» ብለው ሻይ ቀዱለት። ስድሳ አራት ዓመት የሞላውን ሰው «አንተ ልጅ» ሲሉት ሮይስ አንጀቱ ራሰ፤ ያዘጋጀው ተግሣጽ ከአፉ ጠፋ። በምትኩ ምን ቢያወራ ጥሩ ነው? ስለ ባትሪው! ሦስት ቀን እንደምትይዝ፣ ትንፍሽ እንደማትል አንድ በአንድ አስረዳቸው።

«ታድለህ» አሉ ክላሪ። «የእኔዋ መንገድ ላይ ሞተችብኝ። ከተማ ስደርስ እለውጣታለሁ፤ እስከዚያ ይህችን ቀይ ሴትዮ ይዤ እንደምንም እላለሁ።»

ያን ጊዜ ሮይስ ትዝ አለው። መኪናው ውስጥ ተጠቅልላ የተሰቀለች ረጅም ገመድ ነበረችው፤ ከእሱ ባትሪ ተስባ እስከ ክላሪ ፍሪዘር ትደርሳለች፣ ትተርፋለችም። ጎረቤቱ ባትሪ ከሞተበት ሰው ገመድ ይዘረጋለታል፣ በዚያ ሰፈር የተለመደ ነገር ነው። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛ ፍሪዘር ከተሰካባት የሮይስ ባትሪ ሦስት ቀን አትይዝም፤ ቢበዛ አንድ ተኩል ብትይዝ ነው። ከዚያ ለሰው ምን ብሎ ሊያወራ ነው? ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ተመለሰ።

«ምን አለህ?» አለው ዋሊ።

«እሺ ብሏል» አለ ሮይስ። ውሸቱን ነው።

ስለዚህ ማታ ጄኔሬተሯ እንደገና ስትነሣ ሮይስ ዋሊ ፊት የሚገባበት ጠፋው። ሰው ሁሉ እስኪተኛ ጠበቀና በባዶ እግሩ ወጣ። ቁልፏን ቢያጠፋው በአንዴ ዝም ትልና ምናልባት ሽማግሌው ይነቃሉ። የነዳጅ መዝጊያዋን ቢዘጋት ግን ውስጧ የቀረችውን ቤንዚን ጠጥታ እስክትጨርስ እሱ አልጋው ላይ ይሆናል። የወንድ ተንኮል አትሉትም ይህን? ጎንበስ ብሎ መዝጊያዋን አዞረና እንደ ሌባ እየተራመደ ተመለሰ። አንሶላውን ከመሳቡ ጄኔሬተሯ ሁለት ጊዜ ሳለች፤ ተንገጫገጨች፤ ዝም አለች። ከዋሊ ካራቫን ውስጥ የጭብጨባ ድምፅ ተሰማ።

«ምን ሆነ?» አለች ኖሪን ሳትነቃ።

«ነዳጅ ጨርሳ ይሆናል» አላትና ዘወር ብሎ እንደ ሕፃን ተኛ።

ጠዋት ሻይ አፍልቶ፣ አንድ ኩባያ ለሽማግሌው ይዞ ሄደ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ነቅተውበት እንደሆነ ለማየት ነው። ክላሪ የፍሪዘሩን ክዳን ከፍተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ምነው ክላሪ፣ በማለዳው?»

«ቀለጠ» አሉ።

ሮይስ ጎንበስ ብሎ አየ። ቢራ የለም። አንድም ጠርሙስ የለም። ትልቁ ሳጥን ውስጥ ሦስት የፕላስቲክ ዕቃዎች ብቻ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ። ባዶ ፍሪዘር ደግሞ ቶሎ ይሞቃል፣ ይህን ከሮይስ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ዕቃዎቹ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የሴት እጅ ጽሑፍ አለ። ያንደኛው «ክላሪ፣ አማስለው እንጂ፣ ሰነፍ!» ይላል።

«የመርል ነው» አሉ ሽማግሌው። «የባለቤቴ። ሐኪሙ ቁርጡን የነገራት ቀን ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ገበያ ሄዳ ቋሊማ ገዝታ መጣች። ‹እኔ ስሄድ ይህ ሰውዬ በዳቦና በቲማቲም ድልህ ሊኖር ነው› ብላ እስክትደክም ድረስ ስታበስል ከረመች። ካሪ የገባበት የቋሊማ ወጥ፣ የምትወደው እሱን ነበር። እኔም እየቆጠብኩ በላሁ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ካሩምባ በምትባል ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ነው ለጋብቻ የጠየቅኳት፤ የሠርጋችን ቀን በሚመጣው ሳምንት ነው። እዚያ ሆኜ ልበላቸው ነበር።»

ሮይስ ኩባያውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

«መልሶ… መልሶ ማቀዝቀዝ አይቻልም?»

«አንዴ የቀለጠ አይመለስም፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት።» ክላሪ ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉት። «ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጄኔሬተሯ ነዳጅ ጨርሳ አይደለም የቆመችው፤ ግማሽ አላት። መዝጊያዋ ተዘግታ ነው ያገኘኋት። መኪና ላይ ስጭናት ቤንዚን እንዳታፈስ ሁልጊዜ የምዘጋት እኔ ነኝ። እጄ ለምዷታል፤ ማታም ዘግቻት ነው። ስዘጋት ግን ትዝ አይለኝም። የመስሚያ መሣሪያዬን አውልቄ ስለምተኛ መቆሟንም አልሰማሁ። ሮይስ፣ ምንም ትዝ አይለኝም።»

የጄኔሬተሯን ገመድ ነቅለው መጠቅለል ጀመሩ።

«ባለፈው ክረምት ምድጃ ለኩሼ ወጥቼ ወጥ ቤቱ ሊቃጠል ነበር። ልጄ ‹አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ከረሳህ መኪናውን ሸጠህ እኔ ጋ ትገባለህ› አለችኝ። ቃል ገብቼላታለሁ። ነገ ከተማ ገብቼ እደውልላታለሁ። ካሩምባም ይቅር።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ኧረ ክላሪ… ማንም ሰው ይረሳል እኮ» አለ።

ማንም ሰው ይረሳል! እሱው ራሱ በገዛ እጁ ለሠራው፣ የሽማግሌውን ጭንቅላት ጥፋተኛ አድርጎ አጽናናቸው። ሻዩን እዚያው ትቶ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ኖሪን እንቁላል እየጠበሰች ነበር። ቀና ሳትል «ሌሊት እግርህ በረዶ ነበር» አለችው። «አንሶላውም አሸዋ በአሸዋ ነው።»

«ሽንት ቤት…»

«ሮይስ።»

ሮይስ ጎንበስ ብሎ የእግሩን አሸዋ አራገፈ። እሷም እንቁላሉን ለራሷ ብቻ አወጣች።

ቀትር ላይ ክላሪ ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። መርል ምግብ ሲጣል አትወድም ነበር፤ ስለዚህ ሦስቱንም ገልብጠው አሞቁት፣ በደንብም አማሰሉት። ዋሊ ከነሚስቱ መጣ፤ ኖሪን ዳቦ ይዛ መጣች፤ ሮይስም ጎትተው ያመጡት ይመስል ከኋላዋ መጣ። ወጡ ጥሩ ነበር፤ ያውም በጣም ጥሩ። ይህ ደግሞ ይባስ ገደለው፤ መጥፎ ቢሆን ትንሽ ይቀለው ነበር።

«እኔ እኮ የቢራ ፍሪጅ መስሎኝ…» ብሎ ጀመረ ዋሊ፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ክላሪ በትልቁ ጭልፋ ለሮይስ ጨለፉለት። ሮይስ «ይብቃኝ፣ ይብቃኝ» ቢል ማን ሰምቶት። «ብላ! ጠዋት ሻይ ይዘህ የመጣህልኝ አንተ ነህ» አሉት። ከዚያ ለሁሉም፣ ቀለል አድርገው፣ መኪናቸውን የሚገዛ ሰው ካለ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ጎማው አዲስ ነው አሉ። ኖሪን ሳህኗን አስቀመጠችና ባሏን አየችው፤ አንዴ ብቻ። 

ከምሳ በኋላ ሽማግሌው ሦስቱን ዕቃ ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱ። ፕላስተሮቹ እንዳይረጥቡ እየተጠነቀቁ በጣታቸው ጫፍ ሲያጥቡ ሮይስ ደረሰባቸው።

«ክላሪ፣ መዝጊያዋን የዘጋኋት እኔ ነኝ።»

«እ?»

«እኔ ነኝ የዘጋኋት!»

«ቆይ እስቲ፣ ይህች መስሚያ ውሃ ነክቷት ነው መሰል። ጮክ በል!»

አይ ሮይስ! በጨለማ በባዶ እግሩ ተንፏቆ የሠራትን ሥራ አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ሊያውጃት ነው። ወደ ኋላው አየ፤ ሁሉም ወደ እነሱ እያዩ ነው። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጄኔሬተርዎን እኔ ነኝ ያጠፋሁት! ሌሊት መጥቼ መዝጊያዋን ዘጋሁ! እርስዎ አልረሱም! ምንም አልረሱም!»

 ላይ ሰፈሩ የዋሊ ሹካ ሳህን ላይ ስትወድቅ እዚህ ድረስ ተሰማች።

ክላሪ ዕቃውን እንደያዙ ቆሙ። «እንግዲያው እኔ አልዘጋኋትም?» አሉ በቀስታ። «ጭንቅላቴ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

ሽማግሌው ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ፤ የሮይስን እጅ ይዘው ደጋግመው ነቀነቁት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥህ! ሌሊቱን… ጠዋቱን ሙሉ አለቀልኝ ብዬ… እግዜር ይስጥህ፣ አንተ ልጅ!» አሉት። ሮይስ ሲመጣ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቡጢም ቢመጣ አይጠላም ነበር። ይህ ምስጋና ግን ከቡጢ ከፋበት።

ቆይቶ ሳቃቸው አለቀ። የያዙትን ዕቃ አዩት። እጁንም ለቀቁት።

«ለምን መጥተህ አልነገርከኝም? እንደምትጮህ እኮ አላውቅም ነበር። አልሰማትም።»

«አፈርኩ።»

«ባትሪህ ስንት ቀን ትይዛለች ነበር ያልከኝ?»

ሮይስ አንገቱን ደፋ። «ሦስት» አለ በሹክሹክታ፤ እሳቸውም ጮክ በል አላሉትም። ዕቃቸውን አንሥተው ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ።

ሲመሽ ሮይስ ያችን ገመድ ፈታ። ከባትሪው ስቦ ዘረጋትና ጫፏን ይዞ የክላሪ ፒክአፕ ጋ ቆመ።

«ምኑን ልታቀዘቅዝልኝ?» አሉት ሽማግሌው። «ባዶ ነው እኮ።»

ሮይስ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ክላሪ ጥቂት አዩት። ከዚያ የታጠቡትን ሦስት ዕቃዎች አመጡና ጽሑፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ፍሪዘሩ ውስጥ ደረደሯቸው። ክዳኑን ዘጉ። ገመዱንም ከእጁ ተቀብለው ሰኩ።

«እነዚህ ከእኔ ጋር ካሩምባ ድረስ ይሄዳሉ» አሉ። «ደኅና እደር።»

ያን ሌሊት ወንዙ ዳር ድምፅ የሚባል አልነበረም። ዋሊ ተኛ፣ ኖሪን ተኛች፣ ሽማግሌውም መስሚያቸውን አውልቀው ተኙ። ሮይስ ብቻ ጆሮውን ወደ ፍሪዘሩ አቅንቶ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ አደረ። ምንም አልሰማም።