በታማሚዋ ጣት

«በማን ጣት ነው የቆነጠርሽው?» አሏት እትዬ፣ ገና የክሊኒኩን በር ገፋ እንዳደረጉ።

እናት ፊቷን ወደ አልጋው መለሰች።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራሉ፤ የደረቀ ቅጠል በቆርቆሮ እያስቀመጡ የሰፈሩን ሳል ያክማሉ። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል። አልጋው ላይ የተኛችው አንድ ልጇ ናት። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ከአየር ላይ የማይታይ ነገር እየለቀመች ኪሷ ትከታለች፤ የግሉኮስ መስቀያውን ብረት «ቲቸር፣ ጨርሻለሁ» ትለዋለች። ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ረፋድ ላይ ነው። የልጅቷ አስም ተነሣ። የምትስበው መድኃኒት አልቋል፤ እትዬም ወጥተዋል። ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ሲል እናት ቆርቆሮዋን አወረደች። እትዬ ሲያደርጉ ስንቴ አይታለች፤ ከቅጠሉ ቆንጠር አድርጎ ፍም ላይ መጣል፣ ጭሱን ማሳብ፣ ወዲያው መስኮት መክፈት። ሁልጊዜ የሚሉትም ነገር አለ፦ ቅጠሉ የሚቆነጠረው በታማሚው ጣት ነው። ለልጅ በልጅ ጣት፣ ለአዋቂ በአዋቂ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እናት በራሷ ጣት ቆነጠረች፤ ያውም ደጋግማ። መስኮቱንም ረሳችው። የልጅቷ ትንፋሽ ቀለል አለላት። እናት እፎይ ከማለቷ ግን ልጅቷ ከግድግዳው ጋር ማውራት ጀመረች። አዝላት ወደ ክሊኒኩ ሮጠች፤ እትዬን እንዲጠሩላት ለጎረቤት እየጮኸች።

ሐኪሙ የልጅቷን ዓይን በባትሪ አየ። ብሌኗ ሰፍቶ ቀለሙን ሁሉ ውጦታል። ነርሷ ማረጋጊያ መርፌ ይዛ ቆማለች።

«የቅጠሉን ስም ንገሩኝ፣ እናቴ» አላቸው እትዬን። «የጠረጠርኩት ከሆነ ይህ መርፌ ያብስባታል። ካልሆነ ደግሞ ጊዜ እያባከንን ነው።»

«ስሙ አይነገርም። እናቴም ለኔ የነገረችኝ ልትሞት ስትል ነው። ከአፍ ከወጣ መድኃኒቱ ይሞታል።»

«ልጄ ከምትሞት እሱ ይሙት!» እናት የእትዬን ነጠላ ጨምድዳ ያዘች። በሕይወቷ ድምጿን ከፍ አድርጋባቸው አታውቅም።

እትዬ ልጅቷን አዩ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«አስተናግር» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚነግሩ ዝቅ አድርገው።

ሐኪሙ መርፌውን ከነርሷ እጅ ወሰደና ወደ መደርደሪያው መለሰው።

«አልተሳሳቱም፤ የሳንባን ቧንቧ ይከፍታል» አላቸው። «ብሌን ለመክፈት ዓይን ውስጥ የምናንጠባጥበውም ከዚሁ ዘር ነው። ግን ምራቅን ያደርቃል፣ ላብ ከልክሎ ያተኩሳል፣ ሲበዛ አእምሮን ያናውጣል፣ ልብንም ያስሮጣል። አንዱ ቅጠል ደግሞ ከሌላው እኩል አይደለም። ጣት አይለካውም።»

«የማንም ጣት?» አሉ እትዬ።

«የማንም።»

ሌላ መድኃኒት ሰጣት፤ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዙት። እናት የልጇን የልብ ምት የሚቆጥረውን ማሽን ጩኸት እየሰማች ተቀመጠች። ፈጠን ሲል ደሟ ይቀዘቅዛል፤ ዘግየት ሲል ደግሞ የባሰ ትፈራለች። አመሻሽ ላይ ልጅቷ መልቀሟን ተወች።

«እማዬ፣ ውሃ። ፊትሽ ለምን ጉም ሆነ?»

እናት ልጇን አጠጥታ ወደ እትዬ ዞረች።

«በኔ ጣት ነው፣ እትዬ።»

«ገና ከበሩ ሳይሽ አውቄዋለሁ። አንቺም እኮ የጣትሽ ነገር! ሽሮ የምትበትኚ መስሎሽ ነው?» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ያንቺስ ስሕተት ነው። እኔ ለሌላው ሰው ልጅ በልጁ ጣት ሳስቆነጥር የኖርኩት ስንቱን እንደጎዳ ማን ይንገረኝ?»

ልጅቷ ድና ቤት ስትገባ እትዬ ቆርቆሮዋን ጉድጓድ ምሰው ቀበሯት፤ ጓዛቸውንም ሸከፉ። እናት እንዳይሄዱ ለመነቻቸው፤ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሺ፣ ልጄ። ሳል የያዘው ሁሉ ነገ ይህንኑ በር ያንኳኳል። እምቢ ማለት አልችልበትም።»

ልጅቷ ለእናቷ ቀረች። እትዬ ሄዱ።