እባቡን በጅራቱ

እናት እንደ ወትሮዋ ማልዳ ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች፣ ሻይ ጣደች፣ መድኃኒት ቤት የምትለብሰውን ነጭ ጋውን መተኮስ ጀመረች። ልጅቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ከራሷ ጋር ትጣላለች።

«ዲኦክሲ... ዲኦክሲራ... ኤጭ!»

ዛሬ የመመረቂያ ጥናቷን በመምህራኖቿ ፊት ታቀርባለች። ባለፈው እዚሁ ቃል ላይ፣ የዲኤንኤ ሙሉ መጠሪያ ላይ፣ ምላሷ ተሳስሮ፣ የምታውቀው ሁሉ እንደ ጉም በኖባት፣ እያለቀሰች ነበር የወጣችው። አሁንም ከተሰናከለች ዓመቱን ትደግማለች።

«ምን አስቸኮለሽ? ቀስ በይ እንጂ» አለች እናት።

«ቀስ ብዬማ አየሁት! የቃሉ ጅራት ጋ ስደርስ ትንፋሼ ያልቃል።»

እናት ካውያውን አቁማ አስቀመጠች። ተማሪ ሳለች እሷም ይህንኑ ለአንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ነግራው ነበር። እሱም የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ እየመታ፣ «ረጅም ቃል እባብ ነው፤ በጅራቱ ያዥው» አላት። እባቡን ያዘች፤ መምህሩንም አገባች። ልጅቷን በእቅፏ ትቶላት ከሞተ ወዲህ ግን ያ የማንኪያ ድምፅ እቤቷ ተሰምቶ አያውቅም።

ማንኪያ አነሳች።

«ነይ፣ እባቡን በጅራቱ እንያዘው።»

«ነክሶ ሊገድለኝ?»

«ይሄኛው ጥርስ የለውም። በይ፤ ክሌ፣ ይክ።» ብርጭቆውን መታች፤ «ክሌ» ላይ ጠንከር አድርጋ።

«ክሌይክ።»

«ኑክሌይክ።»

«ኑክሌይክ።»

«ራይቦኑክሌይክ።»

እንዲህ እያሉ ከፊቱ ቁራጭ ቁራጭ ቀጠሉለት። የሚያስፈራው ጫፍ አስቀድሞ ስለተለመደ፣ ልጅቷ በየጊዜው ከአዲሱ ተነስታ ወደምታውቀው ትደርሳለች። በመጨረሻ ሙሉውን፣ «ዲኦክሲራይቦኑክሌይክ» ብላ፣ ባንድ ትንፋሽ አለችው። ደገመችው። ሳቋ መጣ።

«እማ፣ ከማን ተማርሽው?»

«ካባትሽ» አለች እናት። ወደ ጋውኗ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ፣ መድኃኒት እያሸገች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ አለፍኩ! ቃሉ ጋ ስደርስ ጠረጴዛውን በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። አንዱ መምህር ‹ምን ታንኳኪያለሽ?› ቢለኝ፣ ‹አባቴን እየጠራሁ ነው› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ይግቡ› አለኛ!»

እናት ሳቀች። ስልኩን ዘግታ ተመስገን አለች፤ ፈጣሪዋንም፣ ባሏንም።

እቤት ስትገባ ብርጭቆውና ማንኪያው ጠዋት በተተዉበት ነበሩ። አጥባ ቦታቸው መለሰቻቸው። ማንኪያው አለ፤ ቃሉ አለ፤ ልጅቷም አለች። እሱ የለም።